የእህቴ የማኅበር ተራ

ነርሷ የእህቴን ልጅ ጣት ወጋ አድርጋ የወጣችውን የደም ጠብታ ትንሽ መሣሪያ ላይ አሳረፈች። ልጅቷ አላለቀሰችም። ጣቷን አየች፣ እኔን አየች፣ ጡጦዋን ወደ አፏ መለሰች። ሁለት ዓመቷ ነው። እናቷ የሞተችው በዚሁ ዓመት፣ በረዶው ገና ከመንገድ ዳር ሳይነሣ ነበር።

"ደሟ ውስጥ ብረት አንሷል" አለች ነርሷ። "ምንድን ነው የምትበላው?"

"ወተት።"

"ከወተት ሌላስ?"

አሰብኩ። ብስኩት አልኩ። ሙዝ አልኩ። አንዳንድ ቀን ሩዝ ትቀምሳለች አልኩ።

ነርሷ አልተቆጣችም። ወንበሯን ወደኔ ሳብ አድርጋ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ወተት ጥሩ ነው፤ ሲበዛ ግን ሆድ ይሞላል፣ ብረትም የለውም። ሆዱ የሞላ ልጅ ምግብ አይጠይቅም። ምግብ ያልበላ ልጅ ደሙ ይደክማል። በጠብታ የሚሰጥ የብረት መድኃኒት አዘዘችልን። "በሚቀጥለው ቀጠሮ ካልተሻላት ወደ ሆስፒታል እንልካታለን" አለች። "ምናልባት በደም ሥሯ የሚሰጥ ነገር ያስፈልጋት ይሆናል።"

የልጅቷን ክንድ አየሁት። በጣም ቀጭን ነው።

ነርሷ የነገረችኝን ሁሉ አውቀው ነበር። እንዴት ብዬ እንደምጽፈው እንጃ። እህቴ ይህንኑ ለሌሎች እናቶች ስትናገር ስንት ጊዜ ሰምቻታለሁ። ሳሎናችን ውስጥ፣ ቆማ፣ በእጇ እያሳየች። አሁን ደሙ የደከመው የሷው ልጅ ነው።

እህቴ በአሥር ዓመት ትበልጠኛለች። ከናይሮቢ ወደ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ስንመጣ እኔ ልጅ ነበርኩ፣ እሷም ገና ወጣት። እናት አልነበረንም። ኖርዝላንድ ሰፈር ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ተከራየችና መኝታ ቤቱን ለኔ ሰጥታ እሷ ሶፋ ላይ ተኛች። "ተማሪ በር ያስፈልገዋል" አለችኝ። አማርኛ ማንበብና መጻፍ ያስተማረችኝም እሷ ናት። ይህ ጽሑፍ እዚህም እዚያም ቢንተባተብ የሷ ጥፋት አይደለም። ሃይስኩል ጨርሼ ኮሌጅ አልገባሁም፤ ግሮቭፖርት ያለ የጫማ መጋዘን ገባሁ። ዕቃ አነሣለሁ፣ ዕቃ እጭናለሁ። አላዘነችብኝም። እንዲያውም ሰው ፊት "ግማሹ ኦሃዮ ጫማ የሚያደርገው ወንድሜ ስለጫነው ነው" ትል ነበር።

ማኅበር ነበራት። የማርያም ጽዋ ማኅበር ነው፤ ሁሉም ሴቶች፣ አብዛኞቹ እናቶች። በየወሩ አንዷ ቤት ይሰበሰባሉ፣ ይጸልያሉ፣ ዳቦ ይቆርሳሉ፣ ይበላሉ። ሲያበቃ ጽዋው ለቀጣይዋ ተረኛ ይሰጣል። ተረኛዋ ይዛው ትሄድና በወሩ እሷ ትደግሳለች።

አንድ ወር ላይ ከአባላቱ የሁለቱ ልጆች ደም ደከመ ተባለ። እህቴ ምን እንደሚመገቡ ጠየቀቻቸው። ሁለቱም "ወተት" አሉ፤ በኩራት ነው ያሉት። እነዚህ ሴቶች ያደጉት ወተት ለሕፃንና ለታመመ ብቻ በሚቀዳበት ቤት ነው። እዚህ ደግሞ በጋሎን ይገዛል። ልጅ እስኪበቃው ወተት ሲጠጣ ማየት ማለት፣ ያ ሁሉ መንገድ ለዚህ ነበር ማለት ነው። ማን ይከለክለዋል?

እህቴ ባዶ ጋሎን ይዛ መካከላቸው ቆመች። "ይህን ሁሉ የጠጣ ልጅ ምሳውን የት ያስቀምጠው?"

"ታዲያ ውኃ ላጠጣው?" አለች አንዷ።

"አዎ፣ ውኃ። ምስር በልቶ ላዩ ላይ።"

"ጉድ ነው! አሜሪካ መጥተን ለልጅ ውኃ!"

ሳቁ። ግን ሰሟት። ከዚያ ወዲያ ማኅበሩ የልጆችን ምግብ ነገር ያዘ። ከከተማው አንዲት አሠልጣኝ ትመጣላቸው ጀመር፤ ሥራዋ እንዲህ ያሉ ትንንሽ ማኅበራትን ማጠናከር ነው። ስብሰባ እንዴት እንደሚመራ፣ ባለሥልጣን ፊት እንዴት እንደሚነገር፣ ሱቅ ሄደው እንዴት እንደሚጠይቁ አስተማረቻቸው። መጀመሪያ ቀን "ሊቀመንበር መምረጥ አለባችሁ" ብላ ነበር። በጽዋ ማኅበር መሪዋ ሙሴ ትባላለች፤ የነሱ ሙሴ ጠና ያሉ፣ ዕድሜያቸውን አረጋውያን ሲያስታምሙ የኖሩ እትዬ ናቸው። "ልጄ፣ ከሙሴ በላይ ማንን ልትሾሚብኝ ነው?" አሏት። እህቴ ስትተረጉምላት አሠልጣኟ ሳቀች፣ ነገሩንም ተወችው።

ተሰብስበው ሞርስ ሮድ ላይ ወዳለው የአበሻ ሱቅ ሄዱ። ብረት የተጨመረበትን የሕፃናት ገንፎ ከጤፉ አጠገብ እንዲያስቀምጥላቸው ጠየቁ። ባለሱቁ "እኔ ሱቅ ነው የከፈትኩት ወይስ ክሊኒክ?" አለ፤ ግን አስቀመጠ። ዱቄትም ሲገዙ የከረጢቱን ጀርባ ማየት ለመዱ። በዚህ አገር ተራው ነጭ ዱቄት ውስጥ ብረትና ፎሊክ አሲድ ይጨመርበታል። ንጹሕ የሚባለው፣ ውዱ፣ ብዙውን ጊዜ የለውም። ሴቶቹ ኑሯቸው ሲሻሻል ወደ ውዱ እየዞሩ ነበር። "ስንከብር ደማችን አነሰ" ትል ነበር እህቴ።

ደግሞ የልጆች ጠረጴዛ አወጣች። በማኅበሩ ቀን፣ ትልልቆቹ ከመብላታቸው በፊት፣ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ላይ ልጆቹ ብቻ ይቀመጣሉ። ጡጦ የለም። ማንም አይለምናቸውም፣ ማንም አያባብላቸውም። አንዱ ሌላውን እያየ ይበላል።

ከዚያ ልቧን አመማት። ረጅም ሕመም አልነበረም። ስለሱ ሌላ ጊዜ እጽፍ ይሆናል። አሁን አልችልም።

በለቅሶው ቤታችን በሰው ተሞላ። ለኛ ምግብ ይመጣል፣ ለልጅቷ ወተት ይመጣል። ማን እንደጀመረው አላውቅም። ሕፃን ልጅ ያለበት ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ አይገባም፤ ስለዚህ ሴቶቹ እየገቡ ጋሎኑን ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጣሉ፣ ልጅቷን ያቅፋሉ፣ ጡጦዋን ይሞላሉ። ለቅሶው ከተነሣ በኋላም ሊጠይቁን በመጡ ቁጥር ይዘው ይመጣሉ። ልጅቷ "ማሚ" ስትል የሚመለስላት ነገር ስለሌለ ጡጦ ይሰጣታል። እኛም የምንሰጣት እሱኑ ነው። ጡጦው ሲገባላት ዝም ትላለች። ዝም ስትል ሁላችንም ትንሽ እናርፋለን።

አብሮን የሚኖረው አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ሳምንቱን መንገድ ላይ ነው። እኔ ሺፍት ስገባ ሙሴዋ ይይዙልናል፤ ቤታቸው ቅርብ ነው። ከክሊኒክ እንደወጣን ለአባቷ ኮል አደረግኩ።

"ጋሼ፣ ወተቱን መቀነስ አለብን።"

ሞተሩ ይሰማኛል።

"እሱንም እንከልክላት?" አለ በመጨረሻ።

ስልኩን ዘግቼ ልጅቷን የመኪና ወንበሯ ላይ አሠርኳት።

ሞከርኩ። እንቁላል ቀቅዬ አስቀመጥኩላት፤ በጣቷ ገፋችው። የብረቱን ጠብታ በብርቱካን ጭማቂ ሰጠኋት፤ ሸሚዜ ላይ ተፋችው። እድፉ እስካሁን አለቀቀም። ከዚያ ሄዳ ፍሪጁን በመዳፏ መታ መታ አደረገች። "ሚልክ" አለች። "ትንሽ ቆይተን" አልኳት በአማርኛ። "ሚልክ፣ ፕሊስ" አለች። ይህን ፕሊስ ያስተማረቻት እናቷ ናት። ቀዳሁላት።

በዚያ ሰሞን ሙሴዋ በሩን አንኳኩተው ገቡ። እጃቸው ላይ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ነገር ይዘዋል። ጽዋው ነው።

"የእህትህ ተራ ደርሷል" አሉኝ።

"እትዬ፣ እሷ እኮ..."

"አውቃለሁ የኔ ልጅ። አባል ሲሞት ከቤቱ ሰው ይተካል። ሥርዓቱ ነው።"

"የሴቶች ማኅበር አይደለም እንዴ?"

"ታዲያ እህት አለህ? እናት አለህ? ያለኸው አንተ ነህ።" ጽዋውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። "ካልተቀበልክ ቦታዋ ይዘጋል። እውነቱን ልንገርህ፣ እኛም ደክሞናል። እሷ ከሞተች ወዲህ የልጆቹን ጠረጴዛ አላወጣነውም። ማንም አፉን ሞልቶ እናውጣው አላለም። ያቺ አሠልጣኝም ትቀጥላላችሁ ወይ እያለች ትደውላለች፤ መልስ የለንም።"

ተቀበልኩ። ድግስ እንዴት እንደሚደገስ ሳላውቅ ተቀበልኩ።

ለዳቦው ዱቄት ልገዛ ወጣሁ። የእህቴ ተራ ነውና ከሁሉ የተሻለውን አልኩ። ወፍራም ቡናማ ወረቀት ከረጢት፣ የስንዴ ዛላ የተሣለበት፣ ውድ። ዳቦውን ሊጋግሩልኝ ቀደም ብለው ከመጡት ሴቶች አንዷ ከረጢቱን አነሣችና ወዲያው ገለበጠችው። መነጽሯን አወጣች። አነበበች። እንደገና አነበበች።

"ይሄን ማን ነው የገዛው?"

"እኔ። ንጹሑ እሱ ነው አሉኝ።"

"ንጹሕስ ንጹሕ ነው። ምንም የለበትም!" ወደ ሌሎቹ ዞረች። "አያችሁልኝ ይሄን ጎረምሳ? በእህቱ ተራ ብረት የሌለው ዱቄት!"

"ወይኔ!" አለች ሁለተኛዋ አፏን ይዛ። "ብትሰማ ከመቃብር ተነሥታ ትቆነጥጥህ ነበር።"

ሳቁ። ወዲያው ደግሞ አንዷ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ባለ መነጽሯ የመኪና ቁልፌን እጄ ላይ አኖረችልኝ። "በል ሂድ፣ ቀይርና ና። ጀርባውን አንብብ።"

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ማኅበርተኞቹ መጡ። ልጆቻቸውን ይዘው፣ ነጭ ነጠላቸውን እንዳጣፉ። አንዷ ገባችና ፍሪጁን ከፍታ ጋሎን አስገባች። ሌላዋ ገባች፣ ጋሎን። ሦስተኛዋ ለማስገባት ቦታ አጣችና መሬት ላይ አስቀመጠችው። ጸሎቱ ተደረሰ፣ ዳቦው ተባረከ። ልጅቷ በዚህ ሁሉ መሐል ጡጦዋን ይዛ ከአንዷ ጭን ወደ አንዷ ጭን ትዘዋወራለች። ሁሉም ይስሟታል። ሁሉም "ምስኪን" ይሏታል።

ተረኛ ሲሆኑ የሆነ ነገር መናገር አለ። እህቴ ጥሩ ተናጋሪ ነበረች፤ እኔ አይደለሁም። ተነሣሁ። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

"መጣችሁልኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አልኩ። "አንድ ነገር... ክሊኒክ ሄደን ነበር። ደሟ ደክሟል። ብረት አንሷታል አሉ። ካልተሻላት ሆስፒታል እንልካታለን አሉ።"

ልጅቷ እጅ ላይ ያለውን ጡጦ አየሁ።

"ከወተቱ ነው" አልኩ። ቁጭ አልኩ።

መጀመሪያ የተናገሩት ሙሴዋ ናቸው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ነበር። "እኔ ቤት ስትውልም እሱን ነው የምሰጣት" አሉ። "እምቢ ማለት አቃተኝ።"

"እኔስ?" አለች ባለ መነጽሯ። "ለልጆቼ ከልክዬ ለሷ አመጣለሁ። እናቷ ያስተማረችኝን በልጇ ላይ ሻርኩት።"

"እናት የሌላትን ልጅ ማን ነው የሚከለክላት?" አለች ሌላዋ። ማልቀስ ጀምራለች። "እኔ አልችልም። እኔን ግደሉኝ እንጂ አልችልም።"

"ብቻሽን አትችይም" አሉ ሙሴዋ። "እኔም ብቻዬን አልቻልኩም፤ ይሄ ልጅም ብቻውን አልቻለም። ማኅበር የተባለው ለዚህ አይደለም እንዴ? የታለ ያ ጠረጴዛ?"

ከቁም ሣጥኑ ኋላ ነበር። እኔው አወጣሁት። አቧራውን በእጄ ጠረግኩ። ልጆቹ ዐወቁትና እየተጋፉ ተቀመጡ። ምስር ወጥ፣ ጎመን፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ዳቦ፣ ቲማቲም ቀረበላቸው። ሙሴዋ የልጅቷን ጡጦ ቀስ ብለው ከእጇ ተቀበሉና ከዳር ባለች ትንሽ ወንበር ላይ አስቀመጧት።

ጮኸች። ፍሪጁን እያሳየች "ሚልክ! ሚልክ!" እያለች ጮኸች። ፊቷ ቀላ። ከዚያ "ማሚ" አለች። ክፍሉ ውስጥ ያለችው ሴት ሁሉ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ልነሣ ስል ሙሴዋ ክንዴን ያዙኝ። ጠንካራ እጅ ነው፤ ስንት ሕመምተኛ ያነሣ እጅ። እሳቸውም እያለቀሱ ነበር፤ ግን አልለቀቁኝም።

"አትያት" አሉኝ በሹክሹክታ። "ልጆቹን እይ። ሁላችሁም ልጆቹን እዩ።"

ልጆቹን አየን። አንድ አራት ዓመት የሚሆነው የባለ መነጽሯ ልጅ ምስሩን በዳቦ እየጠቀሰ በሁለቱም ጉንጩ ሞልቷል። ጩኸቱ ሰለቸው መሰለኝ፣ ወደ ልጅቷ ዞረ። "ዩ ካን ሃቭ ማይን" አላትና የነከሰውን ዳቦ ፊት ለፊቷ አስቀመጠ።

"ንጹሕ ስጣት እንጂ!" ልትል ተነሣች እናቱ። ሁለት ሴቶች ጎትተው አስቀመጧት።

ልጅቷ ጩኸቷን አቁማ ዳቦውን አየች። ምስር ነክቶታል። በአንድ ጣት ነካችው። ልጁን አየች። አፏ ውስጥ ከተተችው።

አኘከች። ዋጠች። ከዚያ እጇን ወደ ልጁ ሳሕን ዘርግታ "ሞር" አለች።

አንዷ እልል ልትል ነበር፤ ሙሴዋ በዓይናቸው ገሠጿት። ራሳቸው ግን ቀስ ብለው "ጎሽ" አሉ። "ጎሽ የኔ እናት።"

ሊሄዱ ሲነሡ ሙሴዋ ፍሪጁን ከፈቱት። "እያንዳንድሽ ይዘሽ የመጣሽውን ይዘሽ ውጪ" አሉ። "ከዛሬ ወዲያ ይህ ቤት የሚመጣ ሰው ልጁን ይዞ ይምጣ፣ አብሮ ይበላል። ወተቷን በምግብ ሰዓት ሳይሆን በኋላ፣ በትንሽ ኩባያ እኛ እንሰጣታለን።" ሴቶቹ ጋሎናቸውን አንጠልጥለው ደረጃውን ሲወርዱ የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን በሩን ከፍቶ አየ። ሱቅ የተዘረፈ መስሎት እንደሆነ አላውቅም።

ጽዋውን ለባለ መነጽሯ ሰጠሁ፤ ቀጣይዋ ተረኛ እሷ ናት። ሙሴዋ በራፉ ላይ ቆመው ለአሠልጣኟ ስልክ ደወሉ። "የስ፣ ዊ ኮንቲኒው" አሏት። ሌላ አልጨመሩም።

በማግሥቱ ሁሉ ነገር ተስተካከለ ብል ውሸት ነው። ደግማ ጮኸች። ደግማም ተፋች። ግን በሳምንቱ ውስጥ አንዷ ሳትመጣ የሚያልፍ ቀን ጥቂት ነበር። ልጇን ይዛ ትመጣለች፣ ጠረጴዛው ይወጣል፣ ምስሩ ላይ ሎሚ ይጨመቃል። እኔም አጠገባቸው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ መብላት ጀመርኩ። ለካ እኔም ቁጭ ብዬ በልቼ አላውቅም ነበር፤ እህቴ ከሞተች ወዲህ የምበላው መኪና ውስጥ ነው።

በቀጠሯችን ቀን ነርሷ ጣቷን ወጋ አደረገች። ይህን ጊዜ አለቀሰች፤ ጠንከር ያለ ልቅሶ ነው። ነርሷ መሣሪያውን አይታ ፈገግ አለች። "ከፍ ብሏል" አለች። "ገና ይቀረዋል፤ ጠብታውን ቀጥሉ። ሆስፒታል ግን አያስፈልጋትም።" ልጅቷን አቅፌ ወጣሁ።

አባቷ በማግሥቱ ከመንገድ ተመለሰ። ቀን ነበር። ሙሴዋ ከልጅ ልጃቸው ጋር መጥተዋል፣ ጠረጴዛው ወጥቷል። በሩን በቁልፉ ከፍቶ ገባና ልጁን አያት። ጀርባዋን ሰጥታው ተቀምጣለች። ጎመን በዳቦ ጠቅልላ ለመያዝ እየታገለች ነው፤ ይፈርስባታል፣ ደግማ ትጠቀልላለች።

"ጋሼ፣ ግባ እንጂ" አልኩት።

ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ሳምንቱን ሙሉ አላያትም። ቦርሳው ትከሻው ላይ እንዳለ፣ ጫማውን ሳያወልቅ፣ በሩ ጋ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ዓይኑ ከጀርባዋ አልተነሣም። በልታ እስክትጨርስ አልጠራትም።